የቄደሩ ምስክሮች

መርማሪው መጀመሪያ የጠየቀኝ ስሜን ነበር። እኔ ደግሞ ስጨነቅ የመሳቅ ክፉ አመል አለብኝ። "የትኛውን ልንገርዎት?" አልኩና ሳቄ አመለጠኝ። እሱ አልሳቀም። ፋሲል ይባላል፤ የይፋግ ልጅ ነው፤ በዕድሜ ከእኔ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሳቄ እስኪያልቅ በትዕግሥት ጠበቀኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ስሜ ዝናሽ ሙላቴ ነው። ደብረ ታቦር ተወልጄ ደብረ ታቦር ነው ያደግኩት። ፓስፖርቴ ላይ ግን ዘይነባ ይማም ነኝ። ይህ የሚገርመው ሰው ካለ ከሰፈራችን ሴቶች ዐረብ አገር ደርሳ የመጣች አንዷን ይጠይቅ። ደላላው "እዚያ ክርስቲያን አይፈልጉም" ካለሽ በወረቀት እስላም ትሆኛለሽ። ማተብሽን ፈትተሽ ለእናትሽ ትሰጫለሽ፣ ፀጉርሽን ትሸፍኛለሽ፣ ሰላምታውን ትለማመጃለሽ፣ ትሄጃለሽ። ቄሱም ያውቃል፣ ቀበሌውም ያውቃል፣ ማንም አይደነግጥም። ስትመለሺ ማተብሽን መልሰሽ ታስሪያለሽ። መርማሪ ፋሲልም የዚሁ አገር ልጅ ነውና ይህን አላጣውም። እሱን የከነከነው ሌላ ነገር ነው።

ሪያድ የሠራሁበት ቤት የመጨረሻው ልጅ አንድ ቀን የመኖሪያ ፈቃዴን "ለአንድ ጉዳይ" ብሎ ወሰደና ማታ መለሰልኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። የቤት ሠራተኛ የአሠሪዋን ልጅ ምን ብላ ትጠይቃለች? ከወራት በኋላ ልጁ ከቤት ጠፋ። እናቱ ስታለቅስ ከረመች፤ ወደ ጦርነት ሄዷል ሲባል ከወጥ ቤት ሆኜ ሰማሁ፤ ከዚያ በላይ የማውቀው የለም። እኔ ውሌን ጨርሼ አገሬ ገባሁ፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ፉል ቤት ከፈትኩ፣ ልጁንም እናቱንም ረሳኋቸው። ነገሩ ግን ተከትሎኝ መጣ። አንድ የታጣቂ እስላሚስቶች መረብ ቀደም ሲል ተይዞ ኖሮ፣ ከተያዙት ሰዎች ስልክ ውስጥ አንድ ቁጥር ተገኘ፤ ቁጥሩ የወጣው ደግሞ በኢትዮጵያዊቷ በዘይነባ ይማም ስም ነው። ለካ ልጁ በፈቃዴ ሲም ካርድ አውጥቶበት ኖሯል። መርማሪው ይህን ሲነግረኝ ሳቄ ደረቀ። "የሽብር ቡድን ተባባሪ በመሆን የተጠረጠረች" የሚለውን ከፊቱ ካለው ወረቀት ላይ ተገልብጦ አነበብኩት፤ ከሥሩ የእኔ ፎቶ ነበር።

መርማሪው ሐሳቡን አልደበቀኝም። የወረቀት እስላም ከሆንኩ መታወቂያዬን ማንም ወስዶ ሊጠቀምበት ይችላልና ያምነኛል። እዚያ ሄጄ የምሬን ሰልሜ ከሆነ ግን ስሜን ለልጁ የሰጠሁት አውቄ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ይህ ሐሳብ ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቀው። የሰለመ ሁሉ ስሙን ለገዳይ ያውሳል ያለው ማን ነው? ይህን ያኔ ብለው ጥሩ ነበር። ግን ሰው ሲፈራ የሚታየው የራሱ ቆዳ ብቻ ነው። እኔም አንገቴን እየነቀነቅኩ እሺ እሺ አልኩት።

ሰኞ ጠዋት የንስሐ አባቴንና የሰፈር ሽማግሌ ይዤ እንድመጣ አዘዘኝ። ሃይማኖቴን ለውጬ እንደማላውቅ ከመሰከሩልኝ በዋስ እቆያለሁ። ካልመሰከሩልኝ አዲስ አበባ እላካለሁ። አዲስ አበባ የሚላክ ሰው መቼ እንደሚመለስ ብጠይቀው እሱም እንደማያውቅ ነገረኝ። ልነሣ ስል አንድ ነገር ጨመረ፤ ይማም ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ደላላው ከአእምሮው አውጥቶ የጻፈው ስም ነው አልኩት። ውሸቴን ነበር።

ይማም የጎረቤታችን የእትዬ ሉባባ አባት ናቸው። እትዬ ሉባባ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የስፌት መኪናቸውን ደጃቸው ላይ አድርገው ሲያንቀጫቅጩ ነው ያደግኩት። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን የሰፉልኝ እሳቸው፣ ሲቀደድ የጠጋገኑልኝም እሳቸው። ደላላው የእስላም ስም አምጪ ባለኝ ቀን የሄድኩት ወደሳቸው ነው። ትንሽ አሰቡና የአባታቸውን ስም ሰጡኝ፤ ደግ ሰው እንደነበሩና ስማቸው በሰው አገር እንደሚጠብቀኝ ነገሩኝ። እንዳልያዝ የሚያስፈልገኝንም አስተማሩኝ፤ እጅና እግር አስተጣጠቡን፣ አሰጋገዱን፣ ሰው ቤት ሲገባ የሚባለውን። አሁን ስማቸውን ብጠራ እሳቸውም የዚያ ወረቀት ሰው ሊሆኑ ነው። የደብረ ታቦር እስላም ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ሁሉም ይተዋወቃል፤ አንዱ ከተነካ ሁሉም ነው የሚደነግጠው። ስለዚህ ዋሸሁ፤ አሁንም ቢሆን አይቆጨኝም።

እስከ ሰኞ ድረስ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ልጄ ሕይወት አጠገቤ ትተኛለች። ጥያት የሄድኩት ጡት ሳትጥል ነው። አባቷ ወርቅ ቁፋሮ ብሎ ወጥቶ እንደወጣ ስለቀረ ከመሄድ በቀር ምርጫ አልነበረኝም። ስመለስ ከበሩ ኋላ ተሸሽጋ ተቀበለችኝ። እናቴን እማ ትላታለች፣ እኔን ደግሞ "ሴትዮዋ"። የገዛሁላትን ጫማ ትለብሳለች፣ የቆረስኩላትን ትበላለች፣ ከዚያ ሄዳ እናቴ ጉያ ትገባለች። ዓመት ሙሉ እንደ አዲስ ጎረቤት ስለማመጣት ኖርኩ። ከኔ ጋር መተኛት የጀመረችው በዚህ ክረምት ነው፤ እግሯን ሆዴ ላይ ትጭናለች። አሁን ደግሞ ተነሥቼ ልጠፋባት ነው? ሁለተኛ ከጠፋሁባት ሦስተኛ እንደማትቀበለኝ አውቃለሁ። ይህን እያሰብኩ ስገላበጥ እግሯን ከሆዴ ላይ እንዳታነሣብኝ እንኳ እፈራ ነበር።

ፉል ቤቴም ቀዘቀዘ። ተማሪዎቹ የሰሙት ነገር ሳይኖር አይቀርም፤ ጠዋት ጠዋት ተሰልፈው ሲጠብቁኝ የነበሩት በማዶ በኩል ያልፋሉ። ከሁሉ የሚብሰው ግን ባጃጅ ደጃችን ላይ ፍጥነት በቀነሰ ቁጥር መጡልኝ ማለቴ ነው። እናቴ አዝናለች ግን አልጨነቃትም፤ ይህ ራሱ አናደደኝ። "ቄስ ባዩ እያሉልሽ ምን ትሆኛለሽ?" ትለኛለች። እውነትም የንስሐ አባቴ ቄስ ባዩ ናቸው፤ ክርስትና ያነሡኝም እሳቸው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሳቸውን ቃል እንደ ማኅተም ነው የሚቀበለው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ባዩና የእድራችን ዳኛ አያ ዘውዱ እቤት መጡ። ምን እንደሚሉ ልመክር ፈልጌ ነበር። ቄስ ባዩ ግን በእውነት ላይ ምክር እንደማያስፈልግ፣ ያዩትንና የሚያውቁትን እንደሚናገሩ ነገሩኝ። አያ ዘውዱም ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው እንዲሁ አሉ። ያን ጊዜ እትዬ ሉባባ ጣታቸው ላይ መርፌ የሚገፉበት ቲምብላቸው እንዳለ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አሉና እሳቸውም ሊመጡ ይችሉ እንደሆነ ጠየቁ። አያ ዘውዱ በለዘበ አነጋገር፣ ለእትዬ ሉባባም ለእኔም ሲባል ቢቀሩ እንደሚሻል አስረዷቸው። እስላም መጥቶ እስላም አይደለችም ቢል ማን ይሰማዋል ነው ነገሩ። እትዬ ሉባባ "እሺ፣ እናንተ ካላችሁ" ብለው ተመለሱ። እኔም እፎይ አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ሕይወትን ትምህርት ቤት አድርሼ ሁላችንም በእግር ሄድን። መርማሪው ለቄስ ባዩ ከወንበሩ ተነሥቶ መስቀላቸውን ተሳለመ። ይህን ሳይ ልቤ ትንሽ መለስ አለ። ለአያ ዘውዱ ወንበር ሰጠ፤ እናቴ በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እኔ ቆሜ ነበር። ጥያቄውን ዞር ዞር ሳያደርግ ዝናሽ ዐረብ አገር ሳለች ሃይማኖቷን ለውጣ እንደሆነ ቄስ ባዩን ጠየቃቸው።

"ልጄ፣ ዝናሽ ዛሬ ንጹሕ ክርስቲያን ናት" አሉ ቄስ ባዩ። "ጥርጥር አይግባህ። እኔ ራሴ መጽሐፈ ቄደር አንብቤላታለሁ።"

መርማሪው መጻፉን አቆመ። እሱም በልጅነቱ የቤተ ክርስቲያን ደጅ የረገጠ ሳይሆን አይቀርም፤ ቀና ብሎ ቄደር የሚነበበው ለምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ጠየቀ።

"ከሃይማኖቱ ወጥቶ ለተመለሰ ነዋ።"

ክው አልኩ። ቄደሩን ዓመት ሙሉ አስቤው አላውቅም ነበር። ከሪያድ እንደመጣሁ የማኅበሩ ሴቶች ከእኔ ጋር ከአንድ ገበታ አልቀርብም አሉ፤ እስላም ያረደውን ሥጋ ስትበላ ኖራለች ነው ምክንያቱ። እናቴ አለቀሰች፣ ቄስ ባዩ ቄደር ይነበብላት አሉ። እኔም ለሥጋው መስሎኝ ነጠላዬን ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆምኩ፤ ጸሎቱ ተነበበ፣ የተጸለየበት ውሃ ከአናቴ ወረደ፣ በማግስቱ ሴቶቹ አብረውኝ በሉ። ከጉዞ መልስ እንደ መታጠብ አድርጌ ነው ያየሁት። አሁን ያ ውሃ እዚህ ቢሮ ውስጥ እንደ አዲስ አናቴ ላይ ፈሰሰ።

አያ ዘውዱ ደግሞ የቄሱ ቃል ያነሰ መስሏቸው ያጠናክሩ ጀመር። እሳቸውም በቦታው እንደነበሩ፣ አጥቢያው ሁሉ እንዳየ፣ የጠፋው በግ ሲመለስ የሚሆነው ደስታ እንደነበረ ተናገሩ። ሰውየው እየተናገሩ ወደኔ እያዩ ፈገግ ይላሉ፤ አይዞሽ እያሉኝ ነው። እያንዳንዱ ቃላቸው አንድ አንድ ክንድ ወደ ታች ያወርደኝ ነበር። መርማሪው ቄደሩ መቼ እንደተነበበ ጠየቀ። ከፍልሰታ ጾም በፊት መሆኑን ሁለቱም በአንድ አፍ መለሱ። ወረቀቱን አገላበጠና ያ መረብ የተያዘው ከዚያ ቀደም ብሎ በዚያው ክረምት መሆኑን ነገረን። ሌላ ማብራሪያ አልጨመረም። ሰዎቿ ሲያዙ ፈርታ ተመለሰች ማለቱ እንደሆነ ከእናቴ በቀር ሁላችንም ገባን።

"አባ" አልኳቸው። "ቄደሩ ለሥጋው አይደለም ወይ? ሰልሜያለሁ ብዬ ነግሬዎት አውቃለሁ?"

ቄስ ባዩ መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። የንስሐ ነገር ከሳቸው አፍ እንደማይወጣ ተናገሩ። እኔ ፈቅጃለሁ፣ ይንገሩት አልኳቸው። የፈቃድ ነገር እንዳልሆነ ነገሩኝና አቀረቀሩ። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ፤ ምን እንዳደረጉ ያን ጊዜ የገባቸው ይመስለኛል። ግን ሕግ ሕግ ነው፤ ሽማግሌው ቢቆራርጧቸውም አይናገሩም። መርማሪው ዝምታቸውን አይቶ ጻፈ።

ስለዚህ ራሴ ተናገርኩት። ለንስሐ አባቴ የነገርኳቸውን፣ እናቴ እንኳ የማታውቀውን። የአሠሪዬ እናት ዓይናቸው የጠፋ አሮጊት ነበሩ። ለጸሎት ሲነሡ እኔ ካልያዝኳቸው ይወድቃሉ። ሲቆሙ አብሬያቸው እቆማለሁ፣ ሲሰግዱ አብሬያቸው እሰግዳለሁ፣ እሳቸው የራሳቸውን ሲሉ እኔ በልቤ አቡነ ዘበሰማያትን እላለሁ። ሌላ አላደረግኩም። ይህን እንኳ ኃጢአት ይሁን ጽድቅ ስላልለየሁ ነው ለቄሱ የነገርኩት። ተናግሬ ስጨርስ መርማሪው የጻፈውን አየሁ። "ትሰግድ እንደነበር አምናለች" ይላል።

እናቴ ከአግዳሚው ተነሥታ መጣችና እጄን ያዘች።

"ልጄ፣ ተይው። ቸግሮሽ ነው፣ እንጀራ ፍለጋ ነው። እኔ ገና ያኔ ይቅር ብዬሻለሁ። ተመልሰሽ የለ እንዴ?"

ከመርማሪው ወረቀት ይልቅ የጎዳኝ ይህ ነው። እናቴ ዓመት ሙሉ የሰለመች ልጅ ይዛ ነበር የኖረችው። ይቅር ብላኝ፣ ሸፍናኝ፣ ለሰው ሳትናገር። አንድ ቀን እንኳ እውነት ነው ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። ቄሱም፣ ዳኛውም፣ አብረውኝ የበሉት ሴቶችም እንዲያው ነበሩ። ሁሉም ወደውኝ፣ ሁሉም አዝነውልኝ፣ አንድም ያመነኝ ሰው አልነበረም። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ እናቴ የጸጸት መስሏት በነጠላዋ ጠረገችልኝ።

መርማሪው ማኅደሩን ዘጋ። ነገ ጠዋት መኪና እንደሚሄድ፣ እስከዚያው እዚሁ እንደምቆይ በደረቁ ነገረን። ያሰብኩት ሕይወትን ብቻ ነው። ከትምህርት ቤት ስትወጣ በር ላይ እኔን ትፈልጋለች። ሳታገኘኝ ስትቀር አታለቅስም፤ እሷ እንደዚያ አይደለችም፤ ዝም ብላ ወደ እናቴ ጉያ ትመለሳለች።

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። ጠባቂው አንዲት ሴት ከጠዋት ጀምራ ካልገባሁ እያለች ከበር አልነቃነቅ እንዳለችው ተናግሮ ሳይጨርስ እትዬ ሉባባ በክንዱ ሥር አልፈው ገቡ። ለዒድ የሚለብሱትን ቀሚስ ለብሰዋል። አያ ዘውዱ ደንግጠው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። እኔም በዓይኔ ይውጡልኝ፣ ይውጡልኝ አልኳቸው። አላዩኝም፤ ወይም እንዳላዩ ሆኑ።

"ይማም የማን አባት ናቸው ብለህ ጠይቀሃታል አሉ" አሉት መርማሪውን፤ ከእናቴ ሰምተው መሆን አለበት። "የእኔ አባት ናቸው። ስሙን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ያስተማርኳትም እኔ ነኝ።"

መርማሪው ማኅደሩን መልሶ ከፈተ። ምን እንዳስተማሩኝ ጠየቃቸው። የቁርኣን መክፈቻ የሆነውን ፋቲሃ እንዳስተማሩኝ፤ ከሁለተኛው መስመር አላልፍ እያልኩ ስስቅባቸው በሜትራቸው እንደገረፉኝ፣ በመጨረሻም ተስፋ ቆርጠው ከንፈርሽን ብቻ አንቀሳቅሺ እንዳሉኝ ነገሩት። አያ ዘውዱን በዚያ ጭንቀት መሐል ሳቅ አፈናቸው። መርማሪው ግን ያ ከመሄዴ በፊት የነበረ መሆኑን፣ ከሄድኩ በኋላ የሆነውን እሳቸው ሊያውቁ እንደማይችሉ ተናገረ።

"እንዴት አላውቅም? በየዒዱ እንኳን አደረሰዎ ብላ ትደውልልኛለች። ዛሬ ጾም ነው፣ የሰጡኝን ሥጋ ለድመት ጣልኩት ትለኛለች። ጥምቀት ደረሰ፣ ልቤ ሄደ እያለች ታለቅስብኛለች።" ድምፃቸው ከፍ አላለም። "አንተስ፣ ልጄ፣ ይህን አታስብም? የሰለመች ልጅ ለክርስቲያን እናቷ ትደብቃለች፣ ለቄሷ ትደብቃለች። ለእኔ ምን ብላ ትደብቃለች? ብትሰልም ኖሮ ወላሂ መጀመሪያ ለእኔ ነበር የምትነግረኝ። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽህም። ግን አልሆነም።"

መርማሪው እትዬ ሉባባን ለረጅም ጊዜ አያቸው። ይህን መልስ አዙሮ አዙሮ የሚያፈርስበት ቦታ እንዳጣ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። እናቴም ታየኛለች፤ ገና ዛሬ እንዳገኘችኝ ነው የምታየኝ። ያመነኝ ሰው አንድ ነበረ፤ እሱም ከአጥር ወዲያ ነበረ።

ከዚያ መርማሪው ሌላ ወረቀት ሳበ።

እንዲህ ያስተማሩት እኔን ብቻ እንደሆነ ጠየቃቸው። እትዬ ሉባባ መዋሸት አልሆነላቸውም፤ የጠየቀቻቸውን ልጅ ሁሉ እንዳስተማሩ፣ ደጃቸው መጥታ ያሳፈሯት እንደሌለች ነገሩት። ልጆቹ ማን ማን እንደሆኑ ጠየቀ። ዝም አሉ። የአባታቸውን ስም ለስንቶቹ እንደሰጡ ጠየቀ። ጣታቸውን ያሹ ጀመር፤ ቲምብሉ የሚውልበት ቦታ ነጭ ነው። ከክርስቲያን ቤት ሴት ልጆችን እየሰበሰበች እስላማዊ ስም እየሰጠች፣ ጸሎት እያስተማረች ወደ ውጭ የምትልክ ሴት። በወረቀቱ ላይ እንደዚህ ሆነው ሲወርዱ ቆሜ አየሁ። ፊደሎቹ ከመርማሪው እጅ ይወጣሉ እንጂ እሱም የፈለገው አይመስለኝም፤ መጻፍ የጀመረ ሰው ማቆም አይሆንለትም።

"ዝናሽ በሽማግሌዎቹ ዋስትና ትሂድ" አለ በመጨረሻ። "እርስዎ ግን ይቆዩ።"

ግቢው ውስጥ ፀሐይ ወጥቷል። እናቴ ተንበርክካ መሬቱን ሳመች። አያ ዘውዱ ይኸው አላልኳችሁም ወይ እያሉ ይመላለሳሉ፤ ምን ብለው እንደነበር እንጃ። ቄስ ባዩ ግን ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት አልሆነላቸውም። ወደ በሩ ስንሄድ ቆምኩ።

እትዬ ሉባባስ አልኳቸው።

አያ ዘውዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሷ የራሷ ወገን እንዳላት፣ ሽማግሌዎቿ ሰምተው እንደሚመጡላት፣ እኛ ብንገባበት ነገር ማብዛት እንደሚሆን ተናገሩ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። እንደ ሁሉም ሰው ወደ ቤታቸው መግባት ነው የፈለጉት። የእኔ ዋስ ስለሆኑ ደግሞ እኔ ብጠፋ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው።

"ለእኔ ሲመጡ ወገኔ ነበሩ?" አልኳቸው።

ሦስታችሁም ግቡና ደግ ሴት ናት በሉላቸው፣ አርባ ዓመት አብራችሁ ኖራችሁ የለ ወይ፣ ሌላ አልጠየቅኳችሁም ብዬ ለመንኳቸው። ቄስ ባዩ እግዚአብሔር ይርዳት አሉ፤ ከዚህ በኋላ የሳቸው ቃል ሰው የሚጠቅም እንደማይመስላቸውም ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመሩ። እናቴ ክንዴን ጨበጠች። ሕይወት ልትወጣ ነው አለችኝ፤ ዛሬ አንቺ ነሽ የምትቀበያት፣ ነይ አለችኝ። እጇ ጠንካራ ነው፤ አንድ ባንድ ጣቶቿን ማላቀቅ ነበረብኝ።

ስመለስ እትዬ ሉባባ ያው ወንበር ላይ ናቸው። መርማሪው የረሳሁት ዕቃ ካለ ጠየቀኝ።

"ቃል ልሰጥ ነው" አልኩት።

"ሰጥተሽ የለም?"

"የሰጠሁት ስለ ራሴ ነው። ስለ እትዬ ሉባባ የጠየቀኝ የለም። እኔን ያስተማሩኝ ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ። ሌሎቹም ልጆች ምን እንደተማሩ አውቃለሁ፤ አብረን ነው የተማርነው።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። የዋስትናዬን ወረቀት ገና እንዳልፈረመበት፣ ከዚህ ወዲያ የምናገረው እኔንም ከእሳቸው ጋር አብሮ ሊያስኬደኝ እንደሚችል ነገረኝ። አሁንም ወጥቼ መሄድ እንደምችል፣ እንዳላየኝ እንደሚሆን ጨመረ። ለኔ አዝኖ እንደሆነ አውቃለሁ።

"ዝናሽ፣ ውጪ" አሉ እትዬ ሉባባ። በሕይወቴ እንዲህ ተቆጥተውኝ አያውቁም። "ልጅሽ ትጠብቅሻለች። እኔ የመጣሁት አንቺ ወደሷ እንድትሄጂ ነው። ልፋቴን ገደል አትክተቺብኝ።"

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። አያ ዘውዱና ቄስ ባዩ ሄደዋል። እናቴ ብቻዋን በሩ ላይ ቆማ ወደ ቢሮው ታያለች። ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች፣ መልሳ ወደ እኔ በኩል አየች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፋች፣ ፊቷን በጫፉ ጠረገችና ሕይወትን ልትቀበል ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች።

በጣም ፈርቼ ነበር። ወንበር ስቤ እትዬ ሉባባ አጠገብ ተቀመጥኩና መናገር ጀመርኩ።